ከአሜሪካ የመጣው «አሮጌ» ሰዓት

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጽፈህ ጠይቃቸው ያለችኝ ባለቤቴ ናት። የምኖረው ደሴ ነው፤ አራዳ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ካለፈ ወዲህ አባቴም ወንድሜም እሱ ነው።

በቅርቡ በሰው እጅ ሰዓት ላከልኝ። «ልዩ ነገር ነው፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው፣ ተጠንቅቀህ ያዘው» ስላለኝ በጉጉት ነበር የጠበቅሁት። ካርቶኑን ስከፍተው ክው አልኩ። ሰዓቱ አሮጌ ነው! ነጭ መሆን ያለባቸው ነጥቦች ወይበዋል። የብረት ማሰሪያው ጎንና ጎኑ ላይ የምስማር ራስ የመሰለ ነገር አለው፤ የድሮ ሰዎች ያስሩት የነበረውን ይመስላል። መሙያው ላይ አበባ ተቀርጾበታል፤ የሴት ነው እንዴ? ቀን እንኳ አይናገርም። ስሙ ቱዶር ይላል። ሮሌክስና ኦሜጋ እናውቃለን፤ ቱዶርን የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ካላሰርኩት ይቆማል።

ለአንድ ሰዓት ሠሪ አሳየሁት። «ያገለገለ ነው፤ ከፈለግህ ከፍቼ ነጥቦቹን ነጭ ልቀባልህ» አለኝ። ጓደኞቼ በርጫ ላይ መሳቂያ አደረጉኝ፤ «ወንድምህ ሰልባጅ ላከልህ» ይሉኛል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ፊቱ ላይ ወርቅ ስላለ ለወንድ ሐራም ነው አለኝ። ስልክ የሚሸጥ ልጅ በአዲስ ስልክና በ10 ሺህ ብር ልለውጥህ እያለ ነው። ባለቤቴ ለውጠው ትላለች። የጀመርነው ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ይጠብቃል።

እኔን ያበሳጨኝ ግን የገንዘቡ ነገር አይደለም። ወላሂ ንቀት መሰለኝ። አባታችን የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። በ77 የእጁን ሰዓት ሸጦ እህል ገዛልን ይላሉ፤ እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውስም። የራሱን ሸጠ እንጂ የሰው አሮጌ አላሰረም። ወንድሜ በየሳምንቱ ይደውልና «ሰዓቱን አሰርከው? ምን አስታወሰህ?» ይለኛል። «አላህ ይስጥህ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ልሽጠው ወይስ መልሼ ልላክለት? ፎቶውን አያይዣለሁ።

ታናሽ ወንድም፣ ከደሴ

መልስ

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ከማውራታችን በፊት ሁለት ነገር ልለምንህ። ሰዓት ሠሪው ያንን ሰዓት እንዳይከፍተው። ስልክ የሚሸጠው ልጅ ጋም ይዘኸው አትሂድ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። አብሽር፣ የናቀህ የለም።

ሰዓትህ አሮጌ አይደለም። አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ አዲስ ሰዓት ነው። ይህን ለጨርቅ ነጋዴ ማስረዳት እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንተ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ የመታው ጥቅል ዋጋው ተቀንሶ ነው የሚለቀቀው። ሰዓቱን የሠሩት ሰዎች ደግሞ ፀሐይ የመታው እንዲመስል ሆን ብለው ቀለሙን አወይበው፣ ጥሩ ዋጋ ይጠሩበታል። ገዢውም ወይቧል ብሎ አይመልስም። ወይቧል ብሎ ነው የሚገዛው።

በፎቶው ላይ የማየው ቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት የሚባለውን ሞዴል ነው። ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው (ከዚህ በታች በአራት አኃዝ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 58 የተባለው ቱዶር በ1958 ለጠላቂዎች የሠራውን፣ እስከ 200 ሜትር ጥልቀት የሚችለውን ሰዓት ለማስታወስ ነው። ጥቁሩ ፊት፣ ወርቅማው ጽሑፍ፣ ትልቁ መሙያ ሁሉ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ስፋቱም 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ ሰው እጅ ላይ ከምናያቸው ግዙፍ ሰዓቶች ያነሰ፣ ወደ ድሮው መጠን የቀረበ። ሰዓት ቆጣሪው ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን የመሰለ ነገር አለው አይደል? እሱ ደግሞ ከ1958ቱ አይደለም፤ ቱዶር በ1969 ያመጣው ነው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ግልባጭ አድርገህ አትየው። ከሁለት ዘመን ቆርጠው የሰፉት ነው።

ቱዶርን ማንም አያውቀውም ያልከው አይገርምም። እኛ አገር ስሙ ብዙም አልተሰማ። ግን ባዕድ አይደለም፤ ሮሌክስን የመሠረተው ሃንስ ዊልስዶርፍ የሚባለው ሰው ነው ቱዶርንም ያቋቋመው። ስሙ የተመዘገበው በ1926 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ እንደ ሮሌክስ የሚታመን፣ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ሰዓት ማቅረብ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ለብዙ ዓመታት ያሰሩት የቱዶርን ሰዓት ነበር። አበባውም የሴት ምልክት አይደለም። ቱዶር የሚባሉት የእንግሊዝ ነገሥታት ዓርማቸው ጽጌረዳ ነበር፤ ኩባንያውም ስሙን ሲወስድ ጽጌረዳዋን አብሮ ወሰደ። የዱሮዎቹ ሰዓቶች ፊታቸው ላይ ነበር የሚያደርጓት። ያንተ መሙያው ላይ ቀርታለች።

አሁን ወደ ቢጫዎቹ ነጥቦች እንምጣ፤ የጸባችሁ መነሻ እነሱ ናቸውና። ዱሮ ሰዓት በጨለማ እንዲታይ ነጥቦቹን ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀቧቸው ነበር። ራዲየም ጨረር አለው። ቀለሙን ከውስጥ እየበላ ቡናማ ያደርገዋል፤ ሰውንም ይጎዳል። በ1960ዎቹ ገደማ ራዲየም ተተወና ትሪቲየም የሚባል ሌላ ጨረር ያለው ነገር ተተካ። እሱም ጉዳቱ ያነሰ ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ ብርሃኑ ይሞታል፣ ቀለሙም ወደ ቅቤ መልክ ይሄዳል። የድሮ ሰዓት የሚወዱ ሰዎች ታዲያ ያንን የወየበ መልክ ወደዱት። እንዲያውም ያልወየበውን «ተነካክቷል» ብለው ይጠራጠሩታል። ፋብሪካዎቹ ይህን አዩ። ዛሬ የሚቀባው ሱፐር ሉሚኖቫ የሚባል ጨረር የሌለው ቀለም ነው። እሱን ከመጀመሪያው ቅቤማ አድርገው ይቀቡታል።

አሮጌ ነው አይደለም የሚለውን ዛሬ ማታ ራስህ ልትፈትነው ትችላለህ። ሰዓቱን ለጥቂት ደቂቃ አምፖል ሥር አኑረው። ከዚያ መብራቱን አጥፋ። የስድሳ ዓመት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምንም አታይም ነበር። አዲስ ከሆነ ነጥቦቹ ቦግ ብለው ይበራሉ። ባለቤትህም አብራህ ትይ። ሰዓት ሠሪው ነጭ ልቀባልህ ያለህ ተንኮል አስቦ አይመስለኝም። የለመደው ያረጀን ማደስ ነው። ግን የዚያን ሰዓት ፊት በእጅ ቀለም የነካው ቀን ዋጋው በአንዴ ይወርዳል። በዚያ ላይ ያለ ተገቢው መሣሪያ ጀርባው ከተከፈተ ውሃ የሚከለክለው ጎማ በትክክል ላይመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ 200 ሜትር ቀርቶ የውዱእ ውሃም ያሰጋዋል።

የማሰሪያው ምስማር? እሱን እኔም አልወደውም። በ1950ዎቹ የብረት ማሰሪያ ቁርጥራጮቹ በእውነተኛ ምስማር ነበር የሚያያዙት። ያንተ ላይ ያሉት ግን ምንም ነገር አልያዙም፤ ለመልክ የተለጠፉ ናቸው። የወየበ ቀለም አንድ ነገር ነው፤ በጨለማ ያበራል፣ ሥራ አለው። የማይሠራ ምስማር ግን ትንሽ ማስመሰል ይመስለኛል። ካስጠላህ ማሰሪያውን ብቻ በቆዳ ወይም በጨርቅ መቀየር ይቻላል። የብረቱን ግን አትጣለው፤ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጠው።

ቀን አይናገርም ያልከውን ሳነብ ሳቅሁ። ቢናገርስ ምን ሊጠቅምህ? ፋብሪካው የሚያስገባው ቀን መቁጠሪያ እስከ 31 ነው የሚቆጥረው። የእኛ ወር 30 ነው። በየወሩ መጨረሻ እየከፈትክ ልታስተካክል፣ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ከሰዓቱ ጋር ልትጣላ ነው። ቀን የሌለው ሰዓት ለኢትዮጵያዊ የተሠራ ነው ብል አላጋነንኩም።

የሚቆመውም ባትሪ ስለሌለው ነው። አውቶማቲክ ነው፤ በእጅህ እንቅስቃሴ ነው የሚሞላው። ሴይኮ ፋይቭ ያሰሩ ሽማግሌዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ሙሉ ሆኖ ከወለቀ 70 ሰዓት ያህል ይሄዳል። አርብ ከሰዓት አውልቀህ ሰኞ ጠዋት ብታነሳው መሄዱ አይቀርም፤ ማክሰኞ ግን ቆሞ ታገኘዋለህ። ሲቆም አትነቅንቀው። መሙያውን ወደ ግራ አዙረህ ፍታው። ከዚያ ወደ ቀኝ 30 ጊዜ ያህል አዙር፤ ሰዓቱን አስተካክል። መልሰህ ተጫንና አጥብቀህ እሰረው። ይህችን የመጨረሻዋን አትርሳ። መሙያው ክፍት ከቀረ ውሃ ይገባል።

ጎረቤትህን በተመለከተ፦ ፊቱ ላይ ያለው ወርቅማ ቀለም እንጂ ወርቅ አይደለም። አካሉም ማሰሪያውም የማይዝግ ብረት ነው። ከወርቅ የተሠራ የዚህ ሞዴል ዓይነት አለ፤ እሱ ግን አካሉ ወርቅ ስለሆነ ከሩቅ ያስታውቃል። ያንተ እሱ አይደለም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ልፋት ለምን?» ብትል ልክ ነህ። ነገሩ የሚጀምረው በ1969 መጨረሻ ነው። የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የሚባል የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። በባትሪ የሚሄድ፣ በወር ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚስት። ከዚያ በኋላ የኳርትዝ ዋጋ እየወረደ ሄዶ ማንም የሚገዛው ሆነ። ቱዶር ራሱ ያለበት የስዊዝ ሰዓት ኢንዱስትሪ ተንኮታኮተ። በ1970 ገደማ 90 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው፤ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረደ። የተረፉት ፋብሪካዎች አንድ ነገር ገባቸው። በትክክለኛነት ባትሪን ሊያሸንፉ አይችሉም፤ በዋጋም አይችሉም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰኞ ገበያ መደዳ ላይ የምትገዛው ርካሽ የባትሪ ሰዓት ከወንድምህ ስጦታ የተሻለ ደቂቃ ይጠብቃል። ያንተው በቀን ጥቂት ሴኮንድ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ ጤነኛ ሆኖ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ስለዚህ ሌላ ነገር መሸጥ ጀመሩ፦ የእጅ ሥራን፣ ታሪክን፣ ትዝታን። የአያትን እጅ የሚያስታውስ ሰዓት። ኦሜጋም፣ ሎንጂንም፣ ሌሎቹም የድሮ መዝገባቸውን እየገለጡ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ሰዓቶች እንደ አዲስ ያወጣሉ። ኦሜጋ በ2017 የ1957 ሦስት ሰዓቶቹን መልሶ ሲያወጣ እያንዳንዱን በ3,557 ፍሬ ገደበው፤ ሰብሳቢ የሚሻማው እንዲህ ያለውን ነው።

ትዝታን መሸጥ ነውር ነው አልልም። ለወሎ ሰው ይህን ልናገር አልደፍርም።

አሁን ዋጋው። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ለማንም አታውራ። ይህ ሞዴል ሲወጣ ከብረት ማሰሪያው ጋር ከ3,500 ዶላር በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአዲሱ ዋጋ ጨምሮ ከ4 ሺህ ዶላር አልፏል። ብር ሲሆን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። ለዚህ ነው ስልክ ነጋዴው ጋ አትሂድ ያልኩህ። ልጁ አውቆ ሊያታልልህ ይሁን ሳያውቅ፣ ለአንተ ልዩነት የለውም።

ኦሪጅናል ስለመሆኑ ግን በፎቶ ብቻ የሚምልልህ ሰው ካገኘህ አትመነው፤ እኔንም ጨምሮ። የዘረዘርካቸው ምልክቶች ሁሉ ከሞዴሉ ጋር ይገጥማሉ። ፎርጅድ የሚሠሩትም እነዚሁኑ ምልክቶች ነው የሚቀዱት። ከፎቶ የሚሻል ማስረጃ ወረቀቱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የዋስትና ካርድ መኖር አለበት፤ መለያ ቁጥሩ ከሰዓቱ ጋር መግጠም አለበት። ቱዶር የሚሰጠው የ5 ዓመት ዋስትና ሰዓቱ ለሌላ ሰው ቢተላለፍም አብሮ ይተላለፋል። ካርዱ ከሌለ ወንድምህ ጋ ደረሰኙ ይኖራል። ካርቶኑን፣ ካርዱን፣ ትርፍ የማሰሪያ ቁርጥራጮቹን በአንድ ላይ አኑራቸው። ልጆቹ በካርቶኑ እንዲጫወቱበት አትስጥ።

ወረቀትና ታሪክ በሰዓት ዓለም ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ ሩቅ አትሂድ። ለጃንሆይ በ1954 ወደ ስዊዘርላንድ በሄዱ ጊዜ የተበረከተላቸው ነው የተባለ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነበር። በ2015 ጄኔቭ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የቤተሰብ የባለቤትነት ጥያቄ ተነስቶበት ከጨረታ ወጣ። በ2017 እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ። ያንን ገንዘብ ያመጣው ወርቁ ብቻ አይደለም፤ በማን እጅ ላይ እንደነበር መታወቁ ጭምር ነው። (በእኛ በኩል የጃንሆይ ንብረት ሲነሳ ወሬው ወደ 66 ይዞን ይሄዳል። እዚያ ሳልገባ ልመለስ።)

አትሳት ግን። ያንተ ሰዓት ከዓመት ዓመት ዋጋው የሚጨምር ንብረት አይደለም። ወንድምህ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል ያለህ እውነት አለው፤ ሞዴሉ በጣም የተወደደ ነው። ግን በቁጥር ተገድቦ የተሠራ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰዓት ከሱቅ ከወጣባት ደቂቃ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛበት ዋጋ ዝቅ ብሎ ነው የሚሸጠው። በኮሮና ጊዜ የሰዓት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ብዙ ሰው «ሰዓት እንደ ወርቅ ነው» ብሎ ገዛ። በ2022 ገበያው ሲወርድ እነዚያው ሰዎች እጃቸው ላይ ቀረ። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «አስቀምጠው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቤት ትገዛበታለህ» ቢልህ አትስማው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰዓቱ ነው። እኔ ከደብዳቤህ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ሌላ ቦታ ነው።

አባትህ በ77 የእጁን ሰዓት ሸጦ እህል ገዛ ብለሃል። ከሥሩ ደግሞ ወንድምህ በየሳምንቱ «ምን አስታወሰህ?» ይለኛል ብለሃል። ሁለቱን ተከታትለው ጽፈሃቸዋል፤ ጎን ለጎን ግን አላየሃቸውም። አንተ በ77 ሕፃን ነበርክ። ወንድምህ በስምንት ዓመት ይበልጥሃል። ያኔ ነገር የሚገባው ልጅ ነበር። አባቱ ከአሰብ ሲመለስ መሪው ላይ ያለውን እጅ አይቷል። ያቺ ሰዓት ከዚያ እጅ ላይ የወለቀችበትንም ቀን ሳያውቅ አይቀርም። እህሉን አብሮ በልቷል። አንተ በወሬ የሰማኸውን እሱ በዓይኑ አይቶታል።

ግምቴ ልክ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የሥራ ጓደኛው ሲያስር አይቶ ወዶት ይሆናል። ምናልባትም ሻጩ አሳምኖት ይሆናል፤ እዚያም ምላሰኛ ነጋዴ አይጠፋም። ግን ሰው ተራ ሰዓት ልኮ «ምን አስታወሰህ?» እያለ በየሳምንቱ አይጠይቅም። ወንድምህ መልስ እየጠበቀ ነው። አንተ ደግሞ «አላህ ይስጥህ» እያልክ በሩን ትዘጋበታለህ። እሱም በበኩሉ ምን እያሰበ እንዳለ ገምት፦ «አልወደደውም፤ ወይ ረስቷል፤ ወይ ገንዘብ ብልክ ይሻለው ነበር።»

ስለዚህ ደውልለት። እሱ እስኪደውል አትጠብቅ። እሑድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ብትደውል እሱ ዘንድ ገና ከምሳ በኋላ ነው። የሚገርምህ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞላኸው የቨርጂኒያን ሰዓት ለማወቅ ብዙ ስሌት አያስፈልግህም፤ እነሱ ዘንድ የሙቀት ወራት ሲሆን አንድ፣ የብርድ ወራት ሲሆን ሁለት ትቀንሳለህ። ያንተ 3 ሲል የእሱ 2 ወይም 1 ይላል፤ ያንተ ማታ፣ የእሱ ቀን።

ምን ትለዋለህ? እውነቱን። «ጋሼ፣ ስከፍተው አሮጌ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ምን እንደሆነ ገባኝ። እስቲ የአባባ ሰዓት እንዴት ያለ ነበር?» ከዚያ ዝም በል። ያውራ። እሱ እያወራ ወሬ አትቀይር፤ ይህን ልማድህን ለአንድ ማታ ተወው። አሮጌ መስሎኝ ነበር ስትለው መጀመሪያ ሊደነግጥ ይችላል። ቀጥሎ ይስቃል ብዬ እገምታለሁ። እናታችሁ በሕይወት ካለች እሷንም አስገባት፤ ሰዓቱ ስንት ቁና እንዳመጣ የምታውቀው እሷ ናት።

መልሼ ልላክለት ያልከውን ከነጭራሹ እርሳው። ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር አይተርፋችሁም።

መሸጥን በተመለከተ ግን እንደ ኃጢአት አላየውም። ስጦታ ለተቀባዩ ነው። ባለቤትህ ጣሪያ ስትል ትክክል ናት። የሐምሌ ዝናብ ጦሳ ላይ ሲወርድ ማንም ሰው ስለ 1958 አያስብም፤ ክፍት ግድግዳ ሁለት ክረምት ካሳለፈ ደግሞ ወጪው እጥፍ ይሆናል። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ወንድምህን ሳትሰማ አትሽጠው። ከሰማህ በኋላ ሁለታችሁም ጣሪያው ይቅደም ካላችሁ ተሸጠ እንጂ ምን ይሁን? አባታችሁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ብቻ ደሴ ላይ አትሽጠው። ኮምቦልቻም ሆነ አዲስ አበባ የሚከፍልህ ዋጋ ወንድምህ አሜሪካ ከሚያገኘው አይቀራረብም፤ የሚያውቅ ገዢም በቀላሉ አታገኝም። ከነካርቶኑና ከነካርዱ በታመነ ሰው እጅ ይመለስለትና እሱ ራሱ ይሽጠው፤ ገንዘቡን ይላክላችሁ። ምናልባትም «ሰዓቱን ተወው፣ የጣሪያውን እኔ እሞክራለሁ» ይልህ ይሆናል። ይህን ግን ጠብቀህ አትደውል። እሱም የራሱ የቤት ኪራይ አለበት።

እስከዚያው እሰረው። የደሴ ብርድ ረጅም እጅጌ ስለሚያስለብስ ብዙ ሰው ላያየው ይችላል። ጓደኞችህ በርጫ ላይ ሰልባጅ ነው ብለው መሳቃቸውን ይቀጥሉ፤ ተዋቸው፣ አታርማቸው። ግማሽ ሚሊዮን ብር እጁ ላይ ያሰረ ሰው ሰልባጅ አስሯል ቢባል ነው የሚሻለው። ባቲ ገበያ ስትወርድ ግን ቤት ተወው።

አንድ የቀረኝ ለባለቤትህ ነው፤ ይህን እሷ እያነበበችልህ እንደሆነ ስለገመትኩ። እኅቴ፣ የጣሪያውን ነገር በመጀመሪያው ጥሪ ላይ አታንሱት። ያቺ ማታ የሁለቱ ወንድማማቾች ትሁን። ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛው ጥሪ ሲደወል ስልኩን አንቺ ተቀበዪው። ዋርሳሽን ሰላም ብለሽ፣ ግድግዳው ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈልግ፣ ምስማሩና እንጨቱ ስንት እንደገባ በቁጥር ንገሪው። ባልሽ ከጀመረው ወሬ ይቀይራል።